ጅራታሙ ኮከብ ወዴት ሄደ?

ጅራታም ኮከብ ሲታይ ጦር ይመጣል፣ ረሃብ ይገባል ይባላል። እኛም ይህን ስንሰማ ነው ያደግነው። እስቲ ዛሬ አንዱን ጅራታም ኮከብ እንከተለው። ስሙ ሄል-ቦፕ ነው። በ1989 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ማታ ማታ ቀና ብሎ ሰማዩን ያየ ሰው ያስታውሰው ይሆናል።

ሄልና ቦፕ የሁለት አሜሪካውያን ስሞች ናቸው። ቶማስ ቦፕ በአሪዞና የሚኖር ሠራተኛ ነበር። ሰማይ ማየት ይወዳል፤ የራሱ ቴሌስኮፕ ግን አልነበረውም። ቴሌስኮፕ ማለት ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በ1987 ዓ.ም.፣ ለሐምሌ 16 አጥቢያ፣ ቦፕ ከጓደኞቹ ጋር ከከተማ ወጣ። በጓደኛው ቴሌስኮፕ የከዋክብት ስብስብ ሲመለከት ከአጠገቡ ጭጋግ የመሰለ ነገር አየ። በሰማይ ካርታ ላይ ፈለጉት፤ የለም። ቆየት ብለው ደግመው አዩት፤ ከቦታው ፈቀቅ ብሏል። ኮከብ ቢሆን ኖሮ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ባልሄደ ነበር! ቦፕ ቤቱ ገብቶ ለሚመለከተው ቢሮ ቴሌግራም ላከ።

በዚያው ሌሊት አለን ሄል በኒው ሜክሲኮ፣ ከቤቱ ደጅ ሆኖ ያንኑ አየ። ሄል የሥነ ፈለክ ምሁር ነው። አዲስ ጅራታም ኮከብ ፍለጋ ብዙ መቶ ሰዓት ደክሞ አንድም አላገኘም ነበር። የዚያን ዕለት ግን ፍለጋ ላይ አልነበረም፤ አንድ የታወቀ ጅራታም ኮከብ እስኪወጣ ይጠብቅ ነበር። ዕድል እንዲህ ናት።

ታዲያ ይህ ነገር ምንድን ነው? ኮከብ አይደለም። የበረዶና የአቧራ ጓል ነው። የሄል-ቦፕ ጓል ስፋቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ይገመታል። ፀሐይ ስታሞቀው በረዶው ይተናል፤ አቧራውም አብሮ ይወጣል። ጅራት የምንለው ይህንኑ ነው። እንግዲህ በረዶና አቧራ በየት በኩል ጦር ያመጣል? ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ይዘረጋል። ስለዚህ ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱ ከፊት ይሄዳል። ከብት ቢሆን ያስቀን ነበር።

መንገዱስ? ድንጋይ ወደ ላይ ወርውሩ። ከላይ ሲደርስ ይዘገያል፤ ሲወርድ ይፈጥናል። ጅራታሙም እንዲሁ ነው። ፀሐይ አጠገብ ይከንፋል፤ ሲርቅ ያዘግማል። ስለዚህ አብዛኛው ዕድሜው የሚያልፈው በሩቁ ጨለማ ውስጥ ነው። ለፀሐይ በጣም የቀረበው መጋቢት 23 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የመጣው ከ4200 ዓመት ገደማ በፊት ነበር።

አሁን ግን ያን ያህል አይቆይም። በ1988 ዓ.ም. በትልቁ ፕላኔት በጁፒተር አጠገብ ሲያልፍ፣ ጁፒተር ስቦ መንገዱን አሳጠረው። ዙሩ ወደ 2400 ዓመት ወረደ። ለ18 ወር ያህል በባዶ ዓይን ከታየ በኋላ ከዓይናችን ጠፋ። ዛሬ ከሩቁ ፕላኔት ከኔፕቲዩን ምህዋር አልፎ እያዘገመ ነው። ፀሐይ አጠገብ የሚመለሰው በ4377 ዓ.ም. ገደማ ነው።