አሟሙቀውም የሚያማቸው

ኅዳር ሲቃረብ መርካቶ የምሠራበት ክፍል በእግር ሕመም ይሞላል። በሌላው ጊዜ የሚበዛው ወገብና አንገት ነው፤ ጆንያ የሚሸከመው ወገቡን፣ ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ላይ ተደፍቶ ብር የሚቆጥረው አንገቱን ይዞ ይገባል። የታላቁ ሩጫ ቲሸርት መሸጥ ከጀመረ በኋላ ግን ባት፣ ቅልጥም፣ ቋንጃና ተረከዝ ተራ ይይዛሉ። ዓመቱን ሙሉ ከሱቅ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቤት ሲል የከረመ ሰው «ዘንድሮስ እሮጣለሁ» ብሎ ይነሳል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደረጃችንን እያነከሰ ይወጣል።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከመሮጥዎ በፊት ሰውነትዎን ያሟሙቃሉ?» አንዳንዱ ይስቃል። «ዶክተር፣ እኔ ከምናለሽ ተራ ሸራ ተራ ስመላለስ የምውል ሰው ምን ማሟሟቅ ያስፈልገኛል?» ይለኛል። (ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ብል ሰሚ የለኝም፤ እዚህ ሰፈር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።) ሌላው ደግሞ ቅር ይለዋል። «አሟሙቄ ነው እንጂ!» ይልና ተነስቶ ያሳየኛል። አንድ እግሩን አልጋው ጠርዝ ላይ ይሰቅላል፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጫፍ ይይዛል፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ እስከ ሃያ ይቆጥራል፣ እግር ይቀይራል። በቃ፣ አለቀ። ከትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ሁላችንም እንዲህ ስናደርግ ነው ያደግነው።

ቀዝቃዛ ጡንቻን መጎተት ግን እግርን ከጉዳት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 1,538 ምልምል ወታደሮችን ለሁለት ከፍሎ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ተከታትሏል። ሁለቱም ወገኖች ከልምምድ በፊት ያሟሙቁ ነበር፤ አንደኛው በዚያ ላይ የእግሩን ጡንቻዎች ያሳስባል። በመጨረሻ በእግር ጉዳት ረገድ በመካከላቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ይልቅ ማን ሊጎዳ እንደሚችል የጠቆመው ወታደሩ ሥልጠና ሲገባ የነበረው የሩጫ ብቃት ነው። ማሳሰብ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከሩጫ በኋላ ጡንቻው ሞቆ ሳለ ቢደረግ ደስ ይላል። ከሩጫ በፊት የሚያስፈልገው ግን እንቅስቃሴ ነው።

ተኝተን ወይም ተቀምጠን ስንቆይ ለእግር ጡንቻ የሚደርሰው ደም ትንሽ ነው። መራመድ ስንጀምር የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የጡንቻው ሙቀት ከፍ ይላል። የሞቀ ጡንቻ ቶሎ ይኮማተራል፣ ቶሎም ይላቀቃል፤ በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽም ቀጠን ብሎ ማለስለስ ይጀምራል። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። ከብርድ ልብስ ሥር ወጥቶ ወዲያው አስፋልት ላይ የሚበር ሰው አሥሩን ደቂቃ ዘልሎታል ማለት ነው።

ስለዚህ ለሰዎቼ የምሰጠው ትእዛዝ ቀላል ነው። ከደጅ ሲወጡ አምስት ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ። ቀጥሎ አምስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። ከዚያ የሱቅ በር ወይም የመብራት ምሰሶ ይዞ እያንዳንዱን እግር አሥር አሥር ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ማወዛወዝ። ደረጃ ካገኙ ጫፉ ላይ በጣቶችዎ ይቁሙ፤ አንድ ብለው ይነሱና ሦስት እየቆጠሩ ተረከዝዎን ቀስ አድርገው ያውርዱ። ይህን አሥራ አምስት ጊዜ። በባትና በተረከዝ ጅማት ላይ ከማውቃቸው ሥራዎች ሁሉ ለጥቅሙ ይህን የሚያህል ርካሽ የለም፤ አንድ ደረጃ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እንጦጦ ጫካ በጠዋት የወጣ ሰው አትሌቶቻችን ሲጀምሩ አይቶ ይገረማል። በሰልፍ ተከታትለው፣ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ ለእግር ጉዞ የወጣ ሰው ሊቀድማቸው በሚችል ፍጥነት ነው የሚነሱት። በዓለም ላይ በ10 ሺህ ሜትር የሚፈሩ ሰዎች እንዲህ ሲያዘግሙ ባለ ሱቁ ወዳጄ ግን ከመጀመሪያዋ እርምጃ ጀምሮ የመጨረሻው ዙር ደወል እንደተደወለለት ይፈተለካል። እነሱን ለመምሰል የሚፈልግ ሰው ከአጨራረሳቸው በፊት አጀማመራቸውን ቢኮርጅ ይሻለዋል።

የእኛ ሰፈር ሯጭ ሌላም ፈተና አለበት፤ መንገዱ። መርካቶ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ወደ መስቀል አደባባይ የሚሮጥ ሰው ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሜክሲኮ ሲል ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁለት ለሳንባ ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይፈጥንበታል፤ ለእግር ግን ከዳገት ይከፋል፤ የጭንና የቅልጥም ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተለጠጠ ፍሬን መያዝ አለበትና። በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰው ሲመጣ በየት በኩል ሮጡ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ መልሱን ገና ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ቁልቁለቱን በእግር ውረዱት፣ ሩጫውን ሜዳው ላይ ጀምሩ።

ስለ ተሸካሚዎቹ ደግሞ ለብቻ መናገር አለብኝ። ከእነሱ መካከል ኃይሌንና ቀነኒሳን እያሰቡ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡ ልጆች አሉ። ሮጠው ይመለሱና እስከ ማታ ጭነት ያወርዳሉ፣ ይጭናሉ፣ ጋሪ ይገፋሉ። ለእንዲህ ያለው ልጅ «አሟሙቅ» ብሎ መምከር ቧልት ነው። እግሩ አልቀዘቀዘም፤ የጎደለው ዕረፍትና ምግብ ነው። እንዲህ ያለው ሲመጣ የምጠይቀው ስንት ሰዓት እንደሚተኛና ከባድ ጭነት የሚበዛበት ቀን የትኛው እንደሆነ ነው። በዚያ ቀን አትሩጥ እለዋለሁ። ጫማውንም አያለሁ፤ ከሰልባጅ የተገዛ ከሆነ ሶሉን በሁለት አውራ ጣት ተጭኜ ተመልሶ ካልተነሳ፣ ከላይ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ሞቷል።

ማሟሟቅ ራሱ የሚያታልልበት ጊዜም አለ። የተረከዝ ጅማት ሕመም ጠባዩ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝን ቀስፎ ይይዛል፣ አሥር ደቂቃ ሲንቀሳቀሱ ይለቃል፣ ሲሮጡ ጨርሶ ይጠፋል። ሰውየው «ሲሞቅ ይተወኛል» ብሎ ይቀጥላል፤ በማግስቱ ጠዋት ብሶ ይጠብቀዋል። ይህ ጅማት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን እንኳ አልማረውም። በአትላንታና በሲድኒ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀው ሰው በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ከተረከዙ ጅማት ጋር እየታገለ ሮጦ አምስተኛ ወጣ። ሲሞቅ የሚጠፋ ሕመም ተሽሏል ማለት አይደለም፤ ለካው ከተባልኩ የምለካው በማግስቱ ጠዋት በሚሰማው ነው።

ሰውነትን በማፍታታት ማንም የማያማው አበበ ቢቂላ ነበር። ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ማራቶኑን በ2:12:12 ጨርሶ ሌሎቹ ገና ሳይገቡ ሣሩ ላይ የሰውነት እንቅስቃሴ ሲሠራ ተመልካቹ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ግን ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እግሩን አመመው፤ በቅልጥሙ ጎን ባለችው ቀጭን አጥንት ላይ ስብራት ተገኘ። እንደዚያም ሆኖ ተሰለፈ፣ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ አቋረጠ፤ ማሞ ወልዴ በ2:20:26 ወርቁን ለኢትዮጵያ አስቀረው። እንዲህ ያለ የአጥንት ስንጥቅ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ ጉዳት ነው፤ አሥር ደቂቃ ያሟሙቁ ሠላሳ ደቂቃ አያስቀረውም። አጥንት ከጡንቻና ከሳንባ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ትንፋሻችን «እችላለሁ» ሲለን ቅልጥማችን ገና አልደረሰም።

ባለ ሱቁን ወዳጄን የሚጥለውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ሜትር፣ በሁለተኛው ስምንት። በዚህ አካሄድ ምንም ቢያሟሙቅ ያመዋል። ጀማሪ ከሆናችሁ አንድ ቀን እየዘለላችሁ ሩጡ፤ ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ እያደረጋችሁ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሰውነታችሁ ሳያጉረመርም ሁለት ሳምንት ከሄደ ትንሽ ትጨምራላችሁ። ለኅዳሩ ሩጫ ይህን መጀመር ያለባችሁ መስከረም ሳይጠባ ነው።

ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ተጀምሮ ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው የሚሮጥበት ሆኗል። በዚያ ሕዝብ መካከል በብርድ ተፋፍጎ ቆሞ መጠበቅ አለ፤ ቤት ያሟሟቃችሁት እዚያው ይቀዘቅዛል። በዚያ ሰዓት እየጨፈሩ የሚዘሉትን ወጣቶች ብዙ ሰው እንደ ረባሽ ያያቸዋል። እኔ ግን በሙያዬ ከሁሉ የተሻለ እየተዘጋጁ ያሉት እነሱ ናቸው እላለሁ፤ ተቀላቀሏቸው።

ቅልጥማችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ አሁኑኑ በአንድ ጣት ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውረዱበት። ሕመሙ አንድ ስንዝር ያህል ተዘርግቶ ከተሰማችሁ ሩጫውን ቀንሱ፣ ይለቃችኋል። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ከወጋችሁ፣ ሌሊትም ከጠዘጠዛችሁ ግን ሩጫውን አቁሙ። ወጌሻም ጋር ሄዳችሁ አታሳሹት፤ ወጌሻን ንቄ አይደለም፣ ወለምታ ላይ እጃቸው የሚደነቅ አሉ፣ የተሰነጠቀ አጥንት ግን መታሸት አይወድም። ራጅ ተነሱ። የመጀመሪያው ራጅ ምንም ባያሳይም ሕመሙ ካልለቀቃችሁ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት፤ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚታየው። እስከዚያ ቲሸርቱን ለብሶ መንገድ ዳር ቆሞ ማጨብጨብም ይቻላል።