በሐፍረት የሚደበቀው የሐጃጆች ቁስል



አባቴ ከሐጅ በተመለሱ ጊዜ ሳሪስ አቦ የሚገኘው ቤታችን ለሦስት ቀናት በእንግዳ ተሞልቶ ነበር። ዘምዘሙና ተምሩ ሲታደል፣ ስለ ካዕባና ስለ ዐረፋ ሲወራ፣ እርሳቸው ግን ከተቀመጡበት ፍራሽ ብዙም አይነሱም። የመንገድ ድካም ነው ብለን ተውናቸው። እውነቱን ያወቅነው በአራተኛው ቀን፣ እናቴ ሻንጣውን ፈትታ የኢሕራሙን ጨርቅ ለማጠብ ስትዘረጋው ነው። ከወገብ በታች የሚታጠቀው ኢዛር ከውስጥ በኩል የደረቀ ደም ነበረበት። የሁለቱም ጭኖቻቸው ውስጠኛ ክፍል ተላልጦ፣ ሰዕዩን በሰው በሚገፋ ወንበር እንደጨረሱ ያን ዕለት ነገሩን። አብረዋቸው ለነበሩት ሐጃጆች ግን «ጉልበቴን አሞኝ ነው» ብለው ነበር። «በዚህ ዕድሜዬ ጭኔ ተላጠ ልበል?» አሉን።

ይህን የምጽፈው በእርሳቸው ፈቃድ ነው። እኔ በአዘቦት ቀን የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መድረሳ አስተምራለሁ። የሐጅን አርካንና ዋጂባት ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ዘርዝሬአለሁ፤ አባቴንም ያስጠናኋቸው እኔ ነበርኩ። ስለ ጭን መላላጥ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የቆዳ ገጾች ሲፋተጉ ደረቅ ከሆኑ ብዙም አይጎዳዱም። ላብ ሲያርሳቸው ግን የላይኛው የቆዳ ሽፋን ይለሰልስና እርስ በርስ ይያያዛል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ጥቂት ጥቂት ይላጣል። ላቡ ሲደርቅ የሚተወው ጨው ደግሞ እንደ አሸዋ ይፈገፍጋል። በዚህ ላይ ርቀቱን አስቡት። በሶፋና በመርዋ መካከል የሚደረገው ሰባት ምልልስ ብቻ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዐረፋ ከመካ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዚያ ወደ ሙዝደሊፋ፣ ከሙዝደሊፋ ወደ ሚና ያለውን መንገድ ብዙ ሰው በእግሩ ይጓዘዋል። በ1445 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 2024) በተደረገው ሐጅ መስጂደል ሐራም ውስጥ የሙቀቱ መጠን 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልደን ላደግን የአዲስ አበባ ሰዎች ይህ የማናውቀው ላብ ነው።

ወንዶች ደግሞ ኢሕራም ላይ እያሉ ሱሪም የውስጥ ሱሪም አይለብሱም። ጭን ከጭን ጋር በቀጥታ ይገናኛል ማለት ነው። ወፈር ያለ ሰው ይብስበታል፤ ቀጭኑም አይድንም፣ አባቴ ቀጭን ናቸው። ሴቶች የተሰፋ ልብስ ስለሚፈቀድላቸው ከቀሚሳቸው ሥር እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከገላ ጋር የሚጣበቅ ለስላሳ የውስጥ ሱሪ ቢለብሱ ችግሩ ከሞላ ጎደል ይወገድላቸዋል። ከጡት ሥርና ብብት አካባቢም ቁስሉ ስለሚወጣ እናቶች ይህን ለሴት ልጆቻቸው መንገር ሊያፍሩ አይገባም።

ለወንዱ ዋነኛው መከላከያ ቫዝሊን ነው። መንገድ ከመጀመሩ በፊት በደረቀ ገላ ላይ ጭንና ብሽሽትን ወፈር አድርጎ መቀባት፣ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ ገደማና ከታጠቡ በኋላ መድገም ያስፈልጋል። ሽቶ የሌለው መሆን አለበት፤ ሙሕሪም ሽቶ አይነካምና። ፋርማሲ ውስጥ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ እላለሁ፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። ብዙ ሰው የሚይዘው የሕፃናት ፓውደር በአብዛኛው መዓዛ ያለው ነው፤ ላብ ሲነካው ደግሞ ይጓጉልና ራሱ ፈግፋጊ ይሆናል። እርጥብ የወረቀት መጥረጊያም እንዲሁ ሽቶ አለበት። ኢስቲንጃ አድርጎ ገላው እንደረጠበ መንገድ መግባት ለመላላጥ መንገድ መክፈት ስለሆነ፣ ለማድረቂያ የምትሆን አንዲት ትንሽ ፎጣ በቦርሳ መያዝ ነው።

አባቴ አዲሱን የኢሕራም ፎጣ ከነማሸጊያው ይዘው ሄዱ፤ አዲስ ፎጣ ደግሞ ሻካራ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥቦ ቢለሰልስ መልካም ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ ኢሕራም አንዴ ከተለበሰ እስኪፈታ አይቀየርም ብለው ያምኑ ነበር! በላብ የራሰውን ያንኑ ጨርቅ ታጥቀው ዋሉ፣ አደሩ። ሙሕሪም ገላውን መታጠብም፣ ኢሕራሙን አጥቦ በሌላ ንጹሕ ኢሕራም መለወጥም ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጥንድ መያዝ ነው።

መላላጡ ከጀመረስ? መጀመሪያ መፋተጉን ማቆም፤ የሚቻል ከሆነ ማረፍ። ቦታውን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ አጥቦ፣ ሳያሹ በጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ማድረቅና ንፋስ ማስነካት፣ ከዚያ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወይም የዚንክ ኦክሳይድ ቅባት መቀባት። አልኮልና ሎሚ አይደረግበትም፤ ቁስሉን ያባብሱታል። የሚያሳክክና ዳር ዳሩን ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣብ ያወጣ እንደሆነ ፈንገስ ገብቶበት ይሆናልና የፈንገስ ቅባት ይፈልጋል። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅ፤ ገና ሲቀላ ያሳይ።

«ጉዳቱ ከጠና የውስጥ ሱሪ ልልበስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሱረቱል በቀራህ 196ኛው አንቀጽ ሕመም ላለበት ሰው መውጫ አስቀምጧል። ከዕብ ኢብኑ ዑጅራ (ረ.ዐ.) በሑደይቢያ ራሳቸውን ቅማል ባስቸገራቸው ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲላጩ ፈቅደው፣ ሦስት ቀን ከመጾም፣ ስድስት ምስኪኖችን ከማብላት ወይም በግ ከማረድ አንዱን እንዲመርጡ ነግረዋቸዋል። ዑለማዎች የተቸገረ ሰው የተሰፋ ልብስ ቢለብስም በዚሁ መልክ ፊድያ እንደሚያወጣ ያስረዳሉ። ያልተሰፋ ፋሻ ጭን ላይ ስለመጠቅለል ግን የመዝሀብ ልዩነት ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ኡስታዛችሁን ጠይቁ፤ ሚና ላይ በሰው ግፊያ መካከል ሆኖ መጠየቅ አይመችም። የተመቱዕ ሐጅ የሚያደርግ ሰው ከዑምራው በኋላ ኢሕራሙን ይፈታል፤ ለሐጁ የሚታጠቀውም ከዙልሒጃ 8 ጀምሮ ነው። በ10ኛው ቀን ጠጠር ወርውሮ ከተላጨ በኋላ የተሰፋ ልብስ ይፈቀድለታል። በጥንቃቄ መታለፍ ያለባቸው ቀናት እንግዲህ ጥቂት ናቸው።

አባቴ ዝም ያሉት አጅራቸው እንዳይቀንስ ፈርተውም እንደሆነ በኋላ ገባኝ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ስለ ዛቱ ሪቃዕ ዘመቻ ሲያወሩ፣ ስድስት ሆነው አንዲት ግመል እየተፈራረቁ ሲጓዙ እግራቸው ተላልጦ፣ የእርሳቸውም ጥፍሮች ወልቀው፣ በጨርቅ እየጠቀለሉ እንደሄዱ ተናግረዋል። ዘመቻው ስሙን ያገኘው ከዚያ ጨርቅ ነው። ይህን ካወሩ በኋላ ግን ሥራቸውን ይፋ ማውጣታቸውን ጠልተውታል። ይህን ሐዲስ ለአባቴ ሳነብላቸው «አየህ፣ እርሳቸውም አልወደዱም» አሉኝ። «እግራቸውን ግን ጠቅልለዋል» አልኳቸው።

ዘንድሮ ተራው የአጎቴ ነው። ከሱብሂ በኋላ ከሳሪስ አቦ ቁልቁል ወደ ቃሊቲ በእግራቸው ወርደው ዳገቱን ይመለሳሉ፤ ማታ ማታ ደግሞ ኢዛር ታጥቀው ግቢ ውስጥ ይመላለሳሉ፤ ልጆቹ ይስቁባቸዋል። ባለፈው ሳምንት አባቴ የታጠበውን ሁለት ጥንድ ኢሕራም አጣጥፈው፣ ሁለት ብልቃጥ ቫዝሊን ከሥሩ አኖሩላቸው። አጎቴ «አንዱ ይበቃል» ብለው አንዱን አወጡት። አባቴ ምንም ሳይናገሩ መልሰው ከተቱት።