ሁለት ኩንታል ጣሪያ፣ 1,400 ኩንታል ዝናብ

የወለጋዋ ነቀምት በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ዝናባማ እየተባለች ከምትታወቀው ከለንደን ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ጊምቢ፣ ነጆና ደምቢ ዶሎም የሚኖሩት ከዚሁ የክረምት ደመና በታች ነው። በሚሊ ሜትር ሲነገር ግን የዚህ ሁሉ ዝናብ ክብደት አይታይም።

1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ 1 ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በነቀምት እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 2,000 ኪሎ፣ ማለትም 20 ኩንታል ይወርድበታል።

ባለ 50 ቆርቆሮ ቤት እንውሰድ። የተደራረበው ሲቀነስ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በዓመት የሚወርድበት ውሃ 140,000 ሊትር ነው፤ 1,400 ኩንታል! ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ስስ ቆርቆሮ አንዱ 4 ኪሎ ገደማ ቢመዝን፣ የሃምሳው ድምር ሁለት ኩንታል ነው። ጣሪያው በየዓመቱ የራሱን ክብደት 700 ጊዜ ያህል ይቀበላል፤ ያም ሆኖ ለዓመታት ይቆማል።

ምሥጢሩ ተዳፋቱ ነው። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ በዚያ ቤት ላይ 2,100 ሊትር ያወርዳል፤ በደቂቃ 35 ሊትር መሆኑ ነው። ውሃው ከጣሪያው አናት እስከ ክፈክፉ ለመድረስ 10 ሴኮንድ ቢፈጅበት እንኳ፣ ማገርና ወራጁ በአንድ ጊዜ የሚሸከሙት 6 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። የሣር ክዳን ቤት የሚሾለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውሃው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ በፍጥነት መውረድ አለበት። አናጢ የቆርቆሮ ሚስማር ሲመታም በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ በሸለቆው ውስጥ አይመታም። ውሃው የሚሄደው በሸለቆው ነውና።

ያው 30 ሚሊ ሜትር አመዳይ ሆኖ ቢወርድስ? አዲስ የወረደ አመዳይ በአብዛኛው የውሃውን አሥር እጥፍ ያህል ስለሚከመር ጣሪያው ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ይቆለላል። 21 ኩንታል ነው፤ ግን በ10 ሴኮንድ አይወርድም። ሳምንታት ይቀመጣል፣ ሌላው ይደረብበታል፣ ዝናብ ቢጥልበት ደግሞ ውሃውን መጥጦ ይብስ ይከብዳል።

ብዙ የወለጋ ልጆች የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ይህን ታውቀዋለች። በሚኒያፖሊስ የሚሠራ ቤት የሚሰላው መሬት ላይ በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ገደማ የሚመዝን አመዳይ ይከመራል ተብሎ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 2003 ዓ.ም. ግን በዚያችው ከተማ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል አመዳይ ከጣለ በኋላ፣ 4 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው በአየር ግፊት የተወጠረው የሜትሮዶም ስታዲየም ጣሪያ ተቀዶ ወደቀ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። በፖላንዷ ካቶቪትሴ ግን ጥር 20 ቀን 1998 ዓ.ም. አመዳይ የተከመረበት የኤግዚቢሽን አዳራሽ ጣሪያ ተደርምሶ 65 ሰዎች ሞተዋል።

ወለጋ ላይ አመዳይ አይከመርም። ውሃ የሚቆምበት ጣሪያ ግን እየበዛ ነው። ከተሞቻችን ወደ ላይ ሲያድጉ ጠፍጣፋ የሶሌታ ጣሪያ ይበዛል። የ200 ካሬ ሜትር ሶሌታ ማውረጃ ቧንቧ በቅጠልና በፌስታል ተደፍኖ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢያቁር፣ የተቋጠረው 200 ኩንታል ነው። የበረዶ ጠጠር የሞላው አሸንዳም እንደዚሁ ነው፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ሥር ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ክረምት ሳይገባ አሸንዳና ቧንቧ መጥረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መዘንጋት የለበትም።

ከጣሪያው የወረደውም ገና ሥራ አለው። ቤቱ 10 ሜትር ርዝመትና ሁለት ተዳፋት ካለው፣ ከእያንዳንዱ ሜትር ክፈክፍ በዓመት 7,000 ሊትር በአንድ መስመር ይወርዳል። አሸንዳ የሌለው የጭቃ ቤት ዙሪያውን ቦይ የሚቆፍርለት፣ የግድግዳውንም እግር የሚበላው ይህ ነው። ሰፊ ክፈክፍና ከግድግዳው ሥር የተደረደረ ድንጋይ ቤቱን ያድኑታል።

ይህ ሁሉ ውሃ ግን መከራ ብቻ አይደለም። 140,000 ሊትር ማለት 7,000 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። በቀን አምስት ጄሪካን ለሚበቃው ቤተሰብ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ የሚሆን ውሃ በአንድ ዓመት ጭቃ ላይ ይፈስሳል። በበጋ ደግሞ ያው ቤተሰብ ቦኖ ላይ ይሰለፋል። ሁሉን ማጠራቀም አይቻልም፤ ሆኖም ከሚወርደው ሩቡ ቢባክን እንኳ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ የ1,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። ለወለጋ ክረምት ይህ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ነው። ሮቶው ሲሞላ 10 ኩንታል ስለሚሆን ጠንካራ መቆሚያ ይሠራለት፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አጥቦ ይውረድ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይጠራቀም። ውሃው ጣሪያ ላይ ቢቆም ቤት ይጥላል፤ በተዘጋጀለት ዕቃ መሬት ላይ ሲቆም ግን የበጋውን ሰልፍ ያሳጥራል።