ሕመም የሌለው ቁስል

በግንቦት ወር እኩለ ቀን ላይ በድሬዳዋ መንገድ የተራመደ ሰው ምድሩ እንደ ምጣድ እንደሚግል ያውቃል። ከሙቀቱም የተነሣ ብዙው ሰው እግሩን በጫማ ከማፈን ይልቅ በነጠላ ጫማ መሄድን ይመርጣል። ጎረቤታችን የሆኑ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛም ባለፈው ዓመት እንዲሁ ከከዚራ ተነሥተው መጋላ ደርሰው ተመለሱ። ማታ ልጃቸው በምንጣፉ ላይ ደም አይታ ብትመረምር፥ ሚስማር ነጠላ ጫማቸውን በስቶ ከውስጥ እግራቸው ተሰክቶ አገኘች። እሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ የእኚህ ሰው ነገር ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በሽታው ራሱ ከባለቤቱ ተደበቀ።

ምክንያቱ ምንድር ነው? ስኳር በደም ውስጥ ለብዙ ዓመት ሲበዛ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ የደም ሥሮችንም ያጠባል። ስለዚህ ሕመምተኛው መቁሰሉን አያውቅም፤ ቁስሉን የሚጠግነውም ደም እንደ ልብ አይደርስለትም።

ስለ ደነዘዘ እግር ለዓለም ትልቅ ትምህርት የሰጡት የሥጋ ደዌ ሐኪሞች ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በህንድ አገር በቬሎር ሲሠሩ፥ የሕሙማኑ እግር የሚቆስለው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ሳይሆን ሳይሰማቸው ደጋግመው ስለሚረግጡበት መሆኑን አስረዱ። በጄሶ ታስሮ ጫናው የቀለለለት እግር ቁስሉ ይሽራል። በአገራችንም በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት ለደነዘዘ እግር የሚስማማ ጫማ ሲሠራ ኖሯል። ይኸው ዘዴ ዛሬ ለስኳር ሕመምተኛም ይሠራል።

ጎረቤታችን ግን ይህን ባለማወቃቸው እግራቸውን በሚያቃጥል የጨው ውሃ ዘፈዘፉ፤ ሙቀቱንም ስላልለዩት ደግሞ ተቃጠሉ። በመጨረሻ አንዲት ጣት ተቆረጠች፤ እግራቸው ግን ተረፈ። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ፥ የሞተውን ሥጋ ገፍፎ ሲያበቃ ካዘዘላቸው ሁሉ የከበዳቸው ትእዛዝ «አይርገጡበት» የሚለው ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ የስኳር ሕመምተኛ አባት ወይም እናት ካሉህ፥ ማታ ማታ በመብራት እግራቸውን፥ የጣቶቻቸውን መካከል ሳይቀር፥ እይላቸው። ለብ ባለ ውሃ ታጥበው በሚገባ ይድረቁ፤ የውሃውን ሙቀት አንተ በክርንህ ለካላቸው። በቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግራቸው አይሂዱ፤ ወደ ውጭ ሲወጡም ጣት የሚሸፍን የማያጣብቅ ጫማ ያድርጉ፤ ከማጥለቃቸው በፊት ጠጠር እንዳይኖርበት ውስጡን በእጅህ ዳስስ። ቁስል ወይም መቅላት ካየህ «አያመኝም» ቢሉህም በዚያው አትተወው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው። የሚያም ቁስል ባለቤቱን ወደ ሐኪም ይነዳዋል፤ የማያመውን ግን ሊያየው የሚችል የሌላ ሰው ዓይን ነው።