ከመሰላል ጀርባ ያገኘሁት ካርቱን

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ካስትሮ ቫሊ፣ ከቡሌቫርዱ ከፍ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ አንድ ቤት ኢስቴት ሴል ነበር። የቤቱ ባለቤት አርፈው ልጆቻቸው ዕቃውን ሁሉ ዋጋ ለጥፈውበት ይሸጣሉ። እኛ የሄድነው ለልጄ ብስክሌት ፍለጋ ነው። ጋራዡ ውስጥ ከመሰላል ጀርባ መስታወቱ የተሰነጠቀ ፍሬም አየሁ። ውስጡ ባለው ካርቱን ላይ አንድ የምርጫ አስፈጻሚ የድምፅ መስጫ ካርድ ወደ አምፖሉ አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በቀዳዳዋ ያጮልቃል። ከሥሩ በጥቁር ቀለም ፊርማ አለ። 20 ዶላር ከፍዬ ይዤው ወጣሁ፤ ብስክሌቱ ተረሳ።

ካርቱኑ የሚያሳየውን ምርጫ አዲስ አበባ ሆኜ በቪኦኤ አማርኛ ተከታትየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡሽና አል ጎር የተፎካከሩበት ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ብዙ ቦታ የድምፅ ካርዱ በሹል ነገር ይበሳ ነበር። የተበሳችው ቁራጭ ሳትወድቅ ተንጠልጥላ ከቀረች ድምፅ ነው ወይስ አይደለም? ሙግቱ ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። ዲሴምበር 12 ቀን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ድጋሚ ቆጠራውን አስቆመ፤ ቡሽ ፍሎሪዳን በ537 ድምፅ ብልጫ ወሰዱ። ይህን ሁሉ ሠዓሊው በአንዲት ቀዳዳና በአንድ የተጨፈነ ዓይን ጨርሶታል።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። «ፊርማ አለው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሆሜር ዳቬንፖርት እዚሁ ማዶ በሳን ፍራንሲስኮ ኤግዛሚነር ጋዜጣ ስሙ የተነሳ፣ ኋላ የጋዜጣው ባለቤት ኸርስት ወደ ኒው ዮርክ የወሰደው ካርቱኒስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ምርጫ አንክል ሳም እጁን በቴዎዶር ሩዝቬልት ትከሻ ላይ አድርጎ የሚያሳይ ካርቱን ሠራ፤ ሪፐብሊካኖችም በብዛት እያሳተሙ በተኑት። እያንዳንዱ ቅጂ ላይ የዳቬንፖርት ፊርማ ይታያል፤ ግን አብሮ የታተመ እንጂ በእጁ የጻፈው አይደለም። ሌላው ዓይነት፣ ሥዕሉ ኅትመት ሆኖ ሠዓሊው በኋላ በእርሳስ ፈርሞ ቁጥር የሰጠው ነው። ይህ ሐቀኛ ነገር ነው፤ ዋጋውም የራሱ ነው። ሦስተኛው እጁ ያረፈበት፣ ጋዜጣው ፎቶ አንስቶ ያተመው ወረቀት ራሱ ነው።

እንዴት ይለያል? አጉሊ መነጽር ያዙ። ኅትመት ከሆነ ግራጫው ቦታ ብዙ ጊዜ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይበተናል። የእጅ ሥራ ከሆነ ጥቁሩ ቀለም እኩል አይሆንም፤ ብሩሹ የተመለሰበት ቦታ ይወፍራል። የእኔን ከፍሬሙ አውጥቼ በመስኮት ብርሃን ሳየው ልቤ ዘለለ። ከቀለሙ ሥር ውሃ ሰማያዊ የእርሳስ መስመሮች አሉ፤ የማተሚያ ቤት ካሜራ ፈዛዛ ሰማያዊ ስለማያነሳ ካርቱኒስቶች ንድፋቸውን በእሱ ያወጡ ነበር። የአስፈጻሚው አፍንጫ መጀመሪያ ረዝሞ ኖሮ በፍሉድ ታርሟል። ከጀርባው ደግሞ ሥዕሉ በስንት ዓምድ ስፋት እንደሚገባ በእርሳስ ተጽፏል። ከጥጉ ለሟቿ የቤቱ ባለቤት የተጻፈ አጭር ማስታወሻ አለ። አንዳንድ ሰብሳቢ የተበረከተለት ሰው ስም ያለበትን አይወድም፤ እኔ ግን ከማረጋገጫ ወረቀት ይልቅ እሱን አምናለሁ፤ ከማን እጅ ወደ ማን እንደሄደ ይነግረኛልና።

ፎቶውን ለምን አልለጠፍክም ለምትሉኝ፦ ወረቀቱን ገዛሁ እንጂ የማባዛት መብቱን አልገዛሁም። በአሜሪካ ሕግ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ሠዓሊውን ሳላስፈቅድ ሥዕሉንም ስሙንም አላወጣም።

ዛሬ ብዙዎቹ ካርቱኒስቶች በታብሌት ነው የሚሥሉት። ስለዚህ የ2000ው ምርጫ በወረቀት ዘመን ማብቂያ ላይ የወደቀ ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ወደ አገር ቤት ሄደ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን ስናነብ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቱኑ ላይ ነበር። ከምርጫው በኋላ ብዙዎቹ ጋዜጦች ተዘጉ፣ ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ ሌሎች ተሰደዱ። የሥዕሎቹ ኦርጂናልስ? የዝግጅት ክፍሉ ሲዘጋ መሳቢያው ውስጥ የነበረውን ማን አወጣው? የጋዜጣውን ቅጂ ወመዘክር ልናገኝ እንችላለን፤ እርሳሱንና እርማቱን ግን ጋዜጣ አይዝም። ይህ በእውነት ያሳስበኛል።

ተስፋ የሚሰጠኝ የክሊፎርድ ቤሪማን ታሪክ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የአሜሪካን ምርጫዎች በዋሽንግተን ጋዜጦች የሣለ ሰው ነው። ወደ 2,400 የሚጠጉ ኦርጂናሎቹ የተገኙት ልጁ ካረፈች በኋላ በቤቷ ውስጥ ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። በር ተከፍቶ ባይታይ ኖሮ ይጠፉ ነበር። እዚህ ሳን ፍራንሲስኮም እ.ኤ.አ. በ1984 ለካርቱን ብቻ የቆመ ሙዚየም ተመሥርቷል።

እናም ልመናዬ ይህ ነው። ኦክላንድም ሳን ሆዜም አዲስ አበባም ያላችሁ፣ በጋዜጣ ቤት የሠራችሁ ወይም ካርቱኒስት ዘመድ ያላችሁ፣ ሻንጣውንና ካርቶኑን እዩ። ወረቀቱን አትጠፉት፣ በስኮች አትለጥፉት፣ ላሚኔት አታስደርጉት፤ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ዘርግታችሁ አስቀምጡት። የትኛው ጋዜጣ ላይ መቼ እንደወጣና ከማን እንዳገኛችሁት ለብቻው ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ። ያገኛችሁም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።