ጥሬ ሥጋና መድኃኒት የለመዱ ተሕዋስያን

(በራዲዮ ከተሰጠ የጤና ንግግር)



ጾም የሚፈታበት በዓል በደረሰ ቍጥር በየመሥሪያ ቤቱና በየሰፈሩ የቆየ አንድ ልማድ አለ። ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዙና ቅርጫ ይገባሉ። ብልቱ እንደ ደንቡ ተመድቦ ዕጣ ከተጣለ በኋላ፣ እያንዳንዱ ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ጥቂት ቈረጥ አድርጎ በአዋዜ መቅመሱ አይቀርም። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ምግብ ነውና ዛሬ የምንናገረው እርሱን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከጥሬ ሥጋ ጋራ የሚመጣው አደጋ በአባቶቻችን ዘመን ከነበረው የተለየ መልክ ስለ ያዘ፣ ይህን ለውጥ ማወቅ ለቤተሰብ ኀላፊ ሁሉ ይጠቅማል ብለን አስበናል።

አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ ዋጋ እንደሚያስከፍል ያውቁ ነበር። ዋጋው የኮሶ ትል ነበር፤ ማስወጫውም የኮሶ ዛፍ አበባ ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ትሉ መውጣቱን በዐይኑ አይቶ ያርፋል። በዛሬውም ጊዜ በቄራ ያለው የሥጋ መርማሪ ሥጋውን ሠንጥቆ ሲመለከት የትሉን ዕጭ አግኝቶ እንዳይሸጥ ሊያደርግ ይችላል። አሁን የምንናገርላቸው ባክቴሪያ የሚባሉት ተሕዋስያን ግን ያለ ማይክሮስኮፕ የማይታዩ ረቂቃን ናቸው። በሽታ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች በሥጋው ላይ ሳሉ ሽታውም መልኩም ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በሥጋው ላይ ያረፈው የቄራ ማኅተም ከብቱ ተመርምሮ መታረዱን ቢያስረዳም፣ ሥጋው ከእነዚህ ተሕዋስያን ፈጽሞ የነጻ መሆኑን ሊያስረዳ አይችልም።

ባክቴሪያዎቹ ወደ ሥጋው የሚደርሱት ከወዴት ነው? የጤነኛ ከብት ሥጋ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው። በአንጀቱና በቆዳው ላይ ግን እጅግ ብዙ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ከእነርሱም መካከል ሳልሞኔላና አንዳንድ የኢ. ኮላይ ዐይነቶች ሰውን ያሳምማሉ። ከብቱ ሲገፈፍና ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ በቢላዋ፣ በእጅና በውሃ አማካይነት ወደ ሥጋው ገጽ ይሻገራሉ። ሥጋው ሲከተፍ ደግሞ በላዩ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይቀላቀላል፤ ክትፎ ከሙዳ ሥጋ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ስለዚህ ነው። ኢ. ኮላይ በተመቸው ሙቀት በ20 ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል። በዚህ ስሌት ከጧቱ በ1 ሰዓት አንድ የነበረው ከቀኑ በ8 ሰዓት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ይሆናል ማለት ነው። በሥጋ ቤት በተሰቀለ ሥጋ ላይ ዕድገቱ ከዚህ ቢዘገይም፣ ሥጋው በቀዝቃዛ ስፍራ ካልተቀመጠ መብዛታቸው አይቀርም።

እስከዚህ የተናገርነው የቆየ አደጋ ነው። አዲሱ ነገር እነዚህ ተሕዋስያን አንቲባዮቲክ የሚባሉትን መድኃኒቶች እየለመዱ መምጣታቸው ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሕተት አለ፤ መድኃኒቱን የሚለምደው የሕመምተኛው አካል አይደለም፤ ጀርሙ ራሱ ነው። በሚሊዮን ከሚቈጠሩት ባክቴሪያዎች መካከል በተፈጥሮ ለውጥ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይገኛሉ። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲገድል እነዚህ ይተርፋሉ፤ ስፍራውም ለእነርሱ ብቻ ይለቀቅላቸዋል። ከዚህም በቀር ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚቋቋምበትን የዘር መመሪያ ለሌላው፣ ዘመዱ ላልሆነው ጭምር ያስተላልፋል። በመሥሪያ ቤት የአንድ ደብዳቤ ግልባጭ ለልዩ ልዩ ክፍሎች እንደሚደርስ ያለ ነው። ስለዚህ በበሬ አንጀት ውስጥ ማንንም ሳይጎዳ የሚኖር ባክቴሪያ ከሥጋ ጋራ ወደ ሰው አንጀት ሲገባ፣ የያዘውን መመሪያ በዚያ ለሚያገኘው ጎጂ ባክቴሪያ ሊሰጠው ይችላል።

ይህ ነገር እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። አሌግዛንደር ፍሌሚንግ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ፔኒሲሊንን አገኘ። በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከመጠኑ አሳንሶ የሚወስድ ሰው ጀርሙን ሳይገድል መድኃኒቱን እንደሚያስለምደው አስጠንቅቆ ነበር። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች አንቲባዮቲክ በጥቂት በጥቂቱ ከመኖ ጋራ ሲሰጥ ዶሮና ዐሣማ ቶሎ እንደሚፋፋ ደረሱበት። ይህም አሠራር በብዙ አገር ተስፋፋ። ፍሌሚንግ አታድርጉት ያለው፣ ይኸውም መድኃኒትን አሳንሶ ለረዥም ጊዜ መስጠት፣ በከብት ርቢ የዕለት ሥራ ሆነ ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለማደለቢያ መስጠት ፈጽሞ የከለከለው በ2006 ነበር።

ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ በቻይና የተደረገ አንድ ምርመራ ግልጽ አድርጎታል። ኮሊስቲን ሌሎቹ መድኃኒቶች ሁሉ አልሠራ ሲሉ ሐኪሞች በመጨረሻ የሚያነሡት መድኃኒት ነው፤ በቻይና ግን ለዐሣማ መኖ ይጨመር ነበር። በ2015 ይፋ በሆነው ጥናት ኮሊስቲንን የሚቋቋምና ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፍ መመሪያ ተገኘ። ከተመረመሩት 523 የጥሬ ሥጋ ናሙናዎች በ78ቱ፣ ከ804 ዐሣማዎች በ166ቱ፣ ሆስፒታል ከተኙ 1322 ሕሙማን ደግሞ በ16ቱ ላይ ታየ። ይህ አሐዝ እንደሚያመለክተው መመሪያው በእንስሳውና በሥጋው ላይ በብዛት፣ በሰው ላይ ግን ገና በጥቂቱ ነበር። የቻይና መንግሥት በ2017 ኮሊስቲንን በመኖ ውስጥ መጨመር አቆመ።

በእኛ አገር የበሬ መኖ እንዲህ ባለ መድኃኒት የሚታሽ አይደለም። የእኛ ችግር ሌላ ነው። አንዳንድ አርቢ ከብቱ ሲታመምበት ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ኦክሲቴትራሳይክሊን ከገበያ ገዝቶ በግምት ይወጋል፤ ከብቱ ሻል ሲለውም ያቋርጣል። በአዲስ አበባ ከቄራና ከሥጋ ቤቶች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ ምርመራዎችም ሳልሞኔላን አግኝተዋል፤ ከተገኘውም ውስጥ ቴትራሳይክሊንንና ስትሬፕቶማይሲንን የመሰሉትን መድኃኒቶች የሚቋቋም ነበረበት።

ይህ በአንድ ቤተሰብ ላይ ምን ያደርሳል? እንበል አንድ አባት በበዓል ቀን ለትንሽ ልጁ ከክትፎው አጕርሶታል። በሦስተኛው ቀን ልጁ ያተኵሰዋል፤ ያስቀምጠዋል። አባትየው ከዚህ ቀደም ከታዘዘለት የተረፈውን ክኒን ከፍሎ ይሰጠዋል። ጀርሙ ያንን መድኃኒት የለመደ ከሆነ፣ መድኃኒቱ በአንጀት ያሉትን ደጋግ ባክቴሪያዎች ገድሎ ለጠላት ሰፊ ስፍራ ይለቅለታል። ተቅማጥ ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ በመተካት ብቻ የሚድን ሲሆን፣ ጀርሙ ወደ ደም የገባ እንደ ሆነ ግን ሕይወትን የሚያድነው አንቲባዮቲክ ነው። የመጀመሪያው መድኃኒት ሳይሠራ ያለፉት ቀኖች የሚመለሱ አይደሉም። በ2019 በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደ ሞቱ ተገምቷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሚጥሚጣው፣ አዋዜውና አረቄው ጀርሙን ይገድሉታል የሚለው አነጋገር እውነት አይደለም፤ የበሉትን ያጣፍጡ ይሆናል እንጂ ሆድ ውስጥ ጥበቃ አያደርጉም። ማቀዝቀዣም መብዛታቸውን ያዘገያል እንጂ አይገድላቸውም። ሆኖም አንድ ታላቅ መጽናኛ አለን። መድኃኒትን የለመደ ባክቴሪያ እሳትን አልለመደም። ሥጋው እስከ መካከሉ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ሲደርሰው መድኃኒት የለመደውም ያልለመደውም አብረው ይሞታሉ። ለብለብ የተባለው ክትፎ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሙቀት ስለማይደርስ እንደ በሰለ አይቈጠርም።

ስለዚህ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሽማግሌዎችና በሕመም የደከሙ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ባይበሉ ይመረጣል። ሌላውም ሰው ቢያበስል ለራሱ ጤና ይበጀዋል፤ ጥሬውን ካልተውኩ የሚል ደግሞ በቄራ ከታረደ፣ ብዙ ሰዓት ተሰቅሎ ካልዋለ ሥጋ ይምረጥ፤ ይህም አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ሳይታጠብ ለሰላጣ ወይም ለዳቦ አይዋል፤ እጅም እንዲሁ። ከሁሉም በላይ ሐኪም ያላዘዘውን አንቲባዮቲክ ለራሳችንም ለከብታችንም አንስጥ፤ የታዘዘውንም ከሐኪሙ ቃል ሳናጎድል እንፈጽም።

አባቶቻችን ከጥሬ ሥጋ በኋላ ኮሶ መጠጣት እንዳለ ያውቁ ነበር። እኛ ከበላን በኋላ የምንተማመንበት መድኃኒት እያነሰ ሲሄድ፣ ጥንቃቄያችን ከመብላታችን በፊት በምድጃው ላይ መሆን ይገባዋል።