ቅድሚያ ማሳደግ ኮምፒውተርን ያፈጥናል?

ሰኔ 30 ሲቃረብ በወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠራ ሰው ፋታ የለውም። መሐል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ ሞላሌም ሆነ ራቤል የበጀት ዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋው በዚያው ቀን ነው። አንዱ ኮምፒውተር ከበድ ያለ ሪፖርት እያሰላ፣ ባለሙያዋ እዚያው ላይ ቫውቸር ትመዘግባለች። የጻፈችው ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ታስክ ማናጀር ክፈቺና የሪፖርቱን ፕራዮሪቲ (ቅድሚያ) ከፍ አድርጊው» የሚል ነው። ምክሩ በቅን ልቦና የሚሰጥ ቢሆንም ችግሩን ያባብሰዋል።

ፕራዮሪቲ ተራ ያስይዛል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ወፍጮ ቤት ጆንያን ከሰልፉ ፊት ማድረግ ድንጋዩን አያፈጥነውም፤ የሚጠብቀው ሌላው ነው። ዊንዶውስ ከ0 እስከ 31 የሚደርስ ደረጃ አለው፤ መደበኛ ፕሮግራም 8፣ «ሃይ» የተባለው 13፣ «ሪልታይም» ደግሞ 24 ላይ ይነሣል። ሪልታይም ላይ የወጣ ስሌት የማውስና የኪቦርድ ምላሽን ሳይቀር ሊያስጠብቅ ይችላል።

የሚበጀው ተቃራኒው ነው፦ ሪፖርቱን «ቢሎው ኖርማል» ላይ ዝቅ ማድረግ። ይህ ሪፖርቱን የሚያዘገየው ይመስላል። ሆኖም ፈጣን ጸሐፊ እንኳ በሁለት ፊደላት መካከል ለፕሮሰሰሩ ሰፊ ጊዜ ትተዋለች፤ ሪፖርቱም ያን ሁሉ ይወስዳል። እሷ መልሷን ወዲያው ታገኛለች፣ እሱ የሚያጣው ኢምንት ነው።

«ሪፖርቱ ተራው ሲደርስ ረጅም ጊዜ ይሰጠው» የሚሉም አሉ፤ የተራው ርዝመት ግን እንደ ሥራው ዓይነት ይለያያል። የአይቢኤም ኤኤስ/400፣ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የድርጅት ኮምፒውተር፣ ስክሪን ላይ ለሚሠራ ሰው በተለመደው አሠራሩ ቅድሚያ 20 እና 2 ሰከንድ፣ ከበስተጀርባ ለሚሄድ ሥራ ቅድሚያ 50 እና 5 ሰከንድ ይሰጣል። እዚያ ትንሹ ቁጥር ቀዳሚ ነው። ሁለቱ ሰከንድ ጣሪያ ነው፤ ሥራው ቀድሞ ካለቀ ፕሮሰሰሩ ወዲያው ለሌላው ይለቀቃል። ዊንዶውስም በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የአንዱን ተራ ወደ 30 ሚሊሰከንድ ሲያደርገው፣ በሰርቨር ላይ ወደ 180 ያስረዝመዋል፤ ሰርቨር ፊት የሚጠብቅ ሰው የለምና።

ይህን ሁሉ ከመነካካት በፊት ግን ታስክ ማናጀር ላይ የሲፒዩውን የሥራ መጠን ማየት ይገባል። ሲፒዩው ሥራ ፈትቶ ዲስኩ 100 ከመቶ ከሆነ ጉድለቱ ያለው ራሙ ወይም ዲስኩ ላይ ነው። የአይቤክስ (የመንግሥት የበጀትና ወጪ ሥርዓት) መረጃ ያለው ሌላ ሰርቨር ላይ ከሆነም፣ እዚህ የተቀየረ ፕራዮሪቲ እዚያ አይደርስም።